በረዶው እስኪያልበው

ቀበና፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዶክተር ሚልኬሳ፣

ጤናዬን ጠይቀሃል። ጉልበቴ ዳገት እንቢ ብሏል፤ ሜዳ ላይ ግን ማንም አይቀድመኝም፤ ጌታ ይመስገን። ጡረታ ከወጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያየኝ ሁሉ «አሁን እረፊ» ይለኛል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሕፃን ስታስለቅስ የኖረች ነርስ ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ ምን ታርፋለች?

በእጄ በመጻፌ አትሳቅ። ስልክ ላይ ስጽፍ ሐሳቤ ጣቴን ጥሎት ይሄዳል። ሳምራ ወረቀቱን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። ሳምራ በእኔ ቦታ የተተካችው ነርስ ናት። ጎበዝ ናት፤ ሲመክሯት ግን «ኦኬ ሲስተርዬ» ትልና የራሷን ታደርጋለች። አንተም ተመርቀህ ጤና ጣቢያችን ስትመደብ እንደዚያው ነበርክ። የአንድ ሕፃን ደም ሥር አጥተህ ላብህ ልጁ ላይ ጠብ ጠብ ሲል «ዶክተር፣ ደም ልትወስድ ነው ወይስ ልታጠምቀው?» ያልኩህ ትዝ ይልሃል?

ወደ ጥያቄዎችህ ልምጣ። የ2005 ዓ.ም. የክትባት መዝገብ አልጠፋም። ዕቃ ቤት ውስጥ ከተሰበረ ሚዛን ሥር አግኝተነዋል። ጠርዙን አይጥ በልቶታል፤ ስሞቹ ግን ይነበባሉ። ለጥናትህ ደም የወሰድክባቸው ልጆችም አብዛኞቹ እዚያው መንደር አሉ፤ ከወንዙ በላይ፣ ወደ እንጦጦ መውጫው ላይ። አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷቸዋል። እናቶቻቸው ያኔ እንጨት ተሸካሚ ነበሩ፤ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ብዙዎቹ እዚያ ጽዳትና አትክልት ላይ ተቀጥረዋል።

ሦስተኛውን ጥያቄህን አይቼዋለሁ። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ።

ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

አፀደ


ካምፓላ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ሲስተር አፀደ፣

እንደምን ሰነበቱ? የጻፉልኝን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የማጥመቁን ነገር ለባልደረቦቼ ተርጉሜ ነገርኳቸው፤ ሳቁብኝ።

«ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ምን አስነሳው?» ማለትዎን ከሳምራ ሰማሁ። ልክ ነዎት፤ አስቀድሜ ማስረዳት ነበረብኝ። እንደሚያስታውሱት በ2006 ማብቂያ ላይ ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሕፃናት ደም ወሰድን። ሁሉም ሦስት ጊዜ ተከትበው ነበር። የሠላሳ አንዱ ደም ውስጥ ግን የጉበት ቫይረስን የሚመክት ምንም ነገር አልተገኘም። ሠላሳ አንዱም የእንጨት ተሸካሚ ልጆች ነበሩ። እኔም እናት ነፍሰ ጡር ሆና የምትሸከመው ጫና ልጇን ከማህፀን ጀምሮ ያዳክመዋል፣ እንዲህ ያለ ልጅ ቢከተብም ሰውነቱ መልስ አይሰጥም ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ ስሜ የሚነሳው በዚያ ጽሑፍ ነው። ካምፓላም ያመጣኝ እሱ ነው፤ በሦስት አገር ነፍሰ ጡሮችን የሚከታተል ትልቅ ጥናት ልንጀምርበት ነው።

የቀረው የአጣሪ ኮሚቴው አንድ ጥያቄ ነው፤ ለእርስዎ ሦስተኛ አድርጌ የጻፍኩት። ክትባቱ ያኔ ከጤና ጣቢያው ወደ መንደሩ እንዴት ተጓጓዘ? ፎርማሊቲ ነው። ረጅም ነገር አይጻፉ። «በመመሪያው መሠረት ተጓጉዟል» የሚል አንድ መስመርና ፊርማዎ ይበቃል። እስከ ኅዳር አጋማሽ ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል። ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ።

አክባሪዎ፣
ሚልኬሳ


ቀበና፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚልኬሳ፣

ይህንን ሳምራ ፎቶ አላነሳችውም። ነጋዴው ፍሮምሳ፣ ቸርች አብሮን የሚያመልከው፣ ወደ ካምፓላ ስለሚመጣ በታሸገ ፖስታ ሰጥቼዋለሁ። አንድ መስመር ይጻፉልኝ ብለህ ነበር። ሦስት ቀን ሞከርኩ፤ አልጻፍ አለኝ።

ረቡዕ ረቡዕ ክትባት ይዤ ወደ መንደሩ እወጣ እንደነበር ታውቃለህ። የማታውቀው የሰዓቱን ነገር ነው። ሴቶቹ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚጠባ ልጃቸውን አዝለው ወደ ጫካው ይወጣሉ። ሲመለሱ እንጨቱን ገበያ አድርሰው ቤታቸው የሚገቡት ሲመሽ ነው። ከአሥራ አንድ በፊት ካልተገኙ አይገኙም።

ዘበኛው በር የሚከፍትልኝ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነበር። አይስ ፓኩን፣ ክትባቱን የሚያቀዘቅዘውን የበረዶ እሽግ፣ ከፍሪዘር አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለህ። እስኪያልበው፣ ስትነቀንቀውም ውስጡ ውኃ እስኪንቦጫረቅ ትጠብቃለህ። ከዚያ በኋላ ነው ሳጥኑ ውስጥ ክትባቱ አጠገብ የሚገባው፤ ያለዚያ ክትባቱንም በረዶ ያደርገዋል። ይህን ለሰው ሳስተምር የኖርኩ ነኝ። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ግን በረዶው ለማላብ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ሦስት ረቡዕ ጠብቄ ወጣሁ። ሦስቱንም ረቡዕ የተቆለፈ በርና ውሻ አገኘሁ።

በአራተኛው አልጠበቅኩም። በረዶውን እንደ ድንጋይ እንደደረቀ ከብልቃጦቹ ጎን ደርድሬ ወጣሁ። ሴቶቹን አገኘኋቸው። ልጆቹን ወጋሁ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። እስከ መጋቢት እንዲሁ አደረግኩ። መዝገቡ ላይ «በመመሪያው መሠረት» ብዬ ፈርሜያለሁ። የምትፈልገው መስመር እዚያው ተጽፎልሃል፤ ውሸት ነው።

አንድ ቀን ብልቃጡ ውስጥ እንደ እርጎ የተቋጠረ ነገር አየሁ። ነቀነቅኩት፤ ጠፋ። አንዴ በረዶ የሆነ ክትባት ቢሟሟም ጉልበቱ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ግን ከፊቴ ሃያ ሴት ገመዷን ትከሻዋ ላይ ጥላ ቆማለች።

በዚያ ዓመት ምስክር ወረቀት ተሰጠኝ። ሳሎኔ ተሰቅሎ አይተኸዋል። «አንድም ልጅ ያላመለጣት» ይላል።

ጽሑፍህን ያኔ አላነበብኩትም። ምስጋናው ላይ ስሜ መኖሩን አይቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ሦስተኛው ጥያቄህ ሲመጣ አውጥቼ ገጽ በገጽ አነበብኩት። ሠላሳ አንዱ የእኔ የረቡዕ ልጆች ናቸው። የእናቶቹ ሸክም አይደለም፤ በረዶው ነው።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ልጆቹ እንደገና ይከተቡ።

አፀደ


ካምፓላ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ሲስተር አፀደ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፍሮምሳ ፖስታውን በደረሰ በማግሥቱ ሰጥቶኛል፤ ስብሰባ በዝቶብኝ ነው።

በእሱ በኩል ለጠየቁኝ፦ የለም፣ ለማንም አላሳየሁም። እርስዎም ለማንም ባይናገሩ ጥሩ ነው፤ ለእርስዎ ብዬ ነው። ሰው ሥራ ሲያቆም ያለፈውን እየቆፈረ ራሱን ይወቅሳል። ዓመቱ ረጅም ነው። ምናልባት ያልጠበቁት አንድ ሁለት ረቡዕ ይሆናል፤ ትዝታ ደግሞ ያበዛዋል። እንደገና መከተቡም በአንድ ቀን የሚወሰን አይደለም። ለክትባቱ መልስ የማይሰጡ ልጆች ናቸው ብለን ደምድመናል፤ ያንን ድምዳሜ ሳላጣራ ምንም ማድረግ አልችልም።

ኮሚቴው የካቲት ላይ ይሰበሰባል። እስከዚያ ነገሩን ባለበት እናቆየው።

እንኳን ለገና በዓል በሰላም አደረሰዎ።

ሚልኬሳ


ቀበና፣ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዶክተር፣

እንኳን አብሮ አደረሰን።

ለእርስዎ ብዬ ነው ዝም ይበሉ አልከኝ። አመሰግናለሁ። እኔን ምን ያደርጉኛል? ከጡረታ አያባርሩኝ።

ዳርቱን ታስታውሳት እንደሆን በሳምራ አስጠይቄህ ነበር፤ አልመለስክም። ረጅሟ ናት፤ ከልጇ ደም ስትወስድ «ይህን ያህል ቀድታችሁ ለማን ልትሸጡት ነው?» ያለችህ። ልጇ ኪያ ትባላለች፤ ከሠላሳ አንዱ አንዷ ናት። ዳርቱ አሁን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ለክትትል ስትመጣ ሳምራ እንደ ደንቡ መረመረቻት፤ የጉበት ቫይረሱ ተገኘባት። ሳምራ ቤተሰቡን ሁሉ አስመረመረች። ባልየው ነጻ ነው። ኪያ አለባት።

ኪያ ስድስተኛ ክፍል ናት። ትሮጣለች። እንጦጦ ላይ ከሚለማመዱት ሯጮች ኋላ እየተከተለች አስቸገረች። አሠልጣኙ ሲያባርራት ሲያባርራት ሰለቸውና ቁምጣ ሰጣት። አሁን ሰፈሩ «የወፍ በሽታ ያዛት» ማለት ጀምሯል። በኮዳዋ ውኃ የሚጠጣ ጠፍቷል።

«ሲስተር፣ ሦስቱንም ወግተዋት የለም እንዴ? ካርዷ እኮ አለኝ» አለችኝ ዳርቱ። ካርዱን አመጣችው። በፕላስቲክ ጠቅልላ አሥራ ሁለት ዓመት አስቀምጣዋለች። ሦስቱም ፊርማ የእኔ ነው። የሆነ ነገር መለስኩላት፤ ምን እንዳልኩ አላውቅም።

ሌሎቹ ሠላሳ አሉ። «ቢከተቡም መልስ አይሰጡም» ብለህ ጻፍክ፤ በዚያ ቃል የተነሳ ማንም እንደገና አልወጋቸውም። ክትባት ደርሷቸው አያውቅም፤ በምን ይመልሱ?

ዳርቱ ግንቦት ላይ ትወልዳለች። ሕፃኑ በተወለደ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ መወጋት አለበት። ያ መርፌ ጤና ጣቢያችን የለም፤ አንተ ታገኘዋለህ። የካቲትህን አልጠብቅም።

አፀደ


ካምፓላ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሲስተር፣

ኪያን ስትወለድ ከእናቷ ይዟት ይሆን ወይ ብለው አስጠየቁኝ። ከሆነ በረዶው ነጻ ነው ማለት ነው። «አዎ፣ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ጽፌልዎት ነበር፤ ቀደድኩት።

ብርሃነመስቀል፣ አዲስ አበባ ያለውን ላቦራቶሪያችንን የሚመራው፣ የድሮውን ውጤት አወጣልኝ። ያኔ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላት፣ ኪያ ቫይረሱ አልነበረባትም። የያዛት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ጭረት ወይም በጋራ ምላጭ። ክትባቱ ደህና ቢሆን ኖሮ ይመክትላት ነበር። ይህን ለእርስዎ መጻፍ ከብዶኛል። ቀላሉን መጻፉን ግን ታኅሣሥ ላይ ሞክሬዋለሁ።

አሁን የእኔን ልንገርዎ። ያኔ ሠላሳ አንዱን ልጆች በአንድ ገጽ ስደረድራቸው የተከተቡበት ቀን የሚል ዓምድ ነበረ። ከላይ እስከ ታች ረቡዕ ነው። አይቼዋለሁ። ማድረግ የነበረብኝ ወደ እርስዎ መጥቼ «ረቡዕ ምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ያኔ ከምሠራበት ላቦራቶሪ እስከ ጤና ጣቢያው በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። አልመጣሁም። መንደሩ የሚከተብበት ቀን ስለሆነ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም ብዬ ዓምዱን ከሠንጠረዡ አወጣሁት። የእናቶቹን ሸክም ወድጄው ነበር። የውጭ ፕሮፌሰር የማያየው፣ እንደ እኔ ያለ የአገሩ ልጅ ብቻ የሚያየው ነገር መስሎኝ ነበር። እርስዎ አንድ ሰዓት አጥተው ነው፤ እኔ ሃያ ደቂቃ ነበረኝ።

ጽሑፌ እንዲሰረዝ ትናንት ላሳተመው መጽሔት ጻፍኩ። ለኮሚቴውም ነገርኩ። ጥናቱ ቆሟል፤ እኔም ከሰኔ በኋላ እዚህ አልቆይም። ባለቤቴ ነገሩን ስትሰማ «ልጆቹስ?» ብቻ አለችኝ። ለሠላሳዎቹ የሚሆነውን ክትባትና የሚወለደውን ሕፃን መርፌ ብርሃነመስቀል ከጤና ቢሮ አስፈቅዶ ያመጣልዎታል።

በደብዳቤው ላይ ስምዎን አልጠቀስኩም። «አንዲት ነርስ» ብያለሁ።

ሚልኬሳ


ቀበና፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚልኬሳ፣

ስሜን ጻፈው። ከነአባቴ ጻፈው፤ ቀበና ውስጥ አፀደ ብዙ ነው።

እንዴት ነገሯት ብለሃል። እሑድ ከቸርች ስወጣ ሄድኩ። ዳገቱን ሦስት ቦታ ቁጭ ብዬ ወጣሁት። ዳርቱ ልብስ እያሰጣች ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ከበረዶው ጀምሬ አንተ እስከጻፍክልኝ ድረስ። ቁጭ ይበሉ አላለችኝም። የያዘችውን አንሶላ ጨመቀች፣ አራገፈች፣ አሰጣች።

«ያኔ እርስዎ ብቻ ነበሩ ወደ እኛ የሚመጡት» አለችኝ።

«አዎ።»

«እና ጠብቁኝ ቢሉን አንጠብቅዎትም ነበር? ለልጃችን? አንድ ቀን እንጨት ቢቀር እንሞታለን?»

ሌላ ልብስ ከሳፋው አንስታ ጨመቀች።

«ጠይቀውናል?»

አልጠየቅኋቸውም። አይጠብቁም ብዬ የወሰንኩት እኔው ነኝ። ከአሥር ሰዓት በፊት ተነስቼ፣ በብርድ ዳገት ወጥቼ፣ ለእነሱ ስል ደንብ ጥሼ፣ አፌን ከፍቼ አንድ ቃል አልጠየቅኋቸውም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ አንድ ቀን ታይቶኝ አያውቅም።

«ለዚህኛው ይጠብቁ» አለችኝ ሆዷን ይዛ። ከዚያ ባዶ ሳፋዋን አንስታ ገባች።

ቆሜ ቀረሁ። ኪያ ከጎረቤት አጥር ጀርባ ሆና ሰምታለች። እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘችኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ሳምራ በድምፅ የላከችልህ እሱን ነው። ቶሎ መልስላት።

አፀደ


ካምፓላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሲስተር፣

ትሩጥ።

ብርሃነመስቀል የምርመራዋን ውጤት ልኮልኛል። ጉበቷ ደህና ነው። አሁን መድኃኒት አያስፈልጋትም፤ በየስድስት ወሩ ትታያለች፤ ሲያስፈልግ ይጀመርላታል። በኮዳዋ ውኃ፣ በሳህኗ ምግብ፣ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ግን የራሷ ይሁን። ይህን በማኅተም ጽፌ አያይዤዋለሁ። አንዱን ለአሠልጣኙ፣ አንዱን ለትምህርት ቤቷ ይስጡላት።

ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሮጥ ቢጠይቁልኝ።

ሚልኬሳ


ቀበና፣ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚልኬሳ፣

ስምንት ኪሎ ሜትር። በዳገት ነው። አሠልጣኙ ማኅተሙን ካየ በኋላ ልጆቹ ሁሉ ፊት ኮዳዋን ተቀብሎ ጠጣ። ከዚያ «አሁን ቀልዱ አልቋል፣ ዙሩን ጨርሱ!» ብሎ ጮኸባቸው። ትምህርት ቤቱ ገና ነው፤ አንዲት እናት ልጄን ከእሷ አጠገብ አታስቀምጡ ብላለች። ሰኞ ሄጄ አነጋግራታለሁ።

ዳርቱ በ7 ወለደች። ወንድ ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ሳምራ ወጋችው። «በዶክተሩ ስም ይሰየም እንዴ?» ብላ ቀልዳ ነበር፤ ዳርቱ የምጧ ድካም ላይ ሆና ሳቀችባት። አባቱ በገዛ አባቱ ስም ጉደታ ብሎታል።

ከሠላሳዎቹ ሃያ ስድስቱን አግኝተናል። ሁለቱ ሱሉልታ ናቸው፤ ስልካቸው አለኝ። አንዷ ከአራት ዓመት በፊት ሞታለች። መኪና ነው የገጫት፤ ጉበቷ እንዳልሆነ ሁለት ሰው ጠይቄ አረጋግጫለሁ። አንዱን ማንም አያውቀውም። ዮፍታሔ ይላል መዝገቡ፤ የአባቱን ስም አይጡ በልቶታል። እየፈለግኩ ነው። ካገኘናቸው አንዱ እንደ ኪያ አለበት። እናቱ እስካሁን አላናገረችኝም። ለሃያ አምስቱ ደርሰናል።

እንዴት ወጋችኋቸው ብለሃል። ማክሰኞ በየቤቱ ዞርኩ። «ነገ ንጋት እንመጣለን፤ ምናልባት እንዘገያለን፤ ትጠብቁናላችሁ?» አልኳቸው። ሴቶቹ ሥራ ቢያረፍዱ እንዳይቆጣቸው የፓርኩን ኃላፊም ሄጄ አስፈቀድኩ። ቦታው ዳርቱ ግቢ ተባለ፤ እሷው ናት ያለችው።

ረቡዕ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከሳምራ ጋር ጤና ጣቢያ ደረስን። አይስ ፓኮቹን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ብርድ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሄደ። የእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ሲደወል ከላይ ይሰማል።

«ሲስተርዬ፣ ይበቃዋል እንሂድ፤ ሴቶቹ ሥራ አለባቸው» አለች ሳምራ።

«ነቅንቂው።»

ነቀነቀችው።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«እንግዲያው ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች። ስልኬ ጮኸ። ዳርቱ ናት፤ ከአልጋዋ ሆና።

«ሲስተር፣ ግቢው ሞልቷል። የት ደረሱ?»

«እዚሁ ነኝ። በረዶው ገና አላላበውም።»

ለሴቶቹ ስትነግራቸው ሰማሁ። አንዷ የሆነ ነገር አለች፤ ሌሎቹ ሳቁ። ሕፃኑ አለቀሰ። ከዚያ ዳርቱ ስልኩን ወደ አፏ መለሰችው።

«ተቀምጠናል» አለችኝ።

አፀደ